ያልፈራሁት ቅጠል

ማዳሜ ሐኪም አታምንም። ሐኪም ቤት የምትሄደው ጥርሷን ሲያማት ብቻ ነበር። ለቀረው ሁሉ፣ ለራስ ምታቱም ለጨጓራውም ለእንቅልፍ ማጣቱም ለንዴቱም፣ ጓዳዋ ውስጥ በትልቅ ብርጭቆ ዕቃ የምታስቀምጠው ግራጫ ደረቅ ቅጠል ነበራት። ሜራሚዬ ይሉታል። ሲነኩት ይለሰልሳል፣ ሲፈላ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ይቆያል። እናቷ እሱን አጠጥታ ነው ያሳደገቻት፤ እሷም ልጇን እንዲሁ። ዓረብ ሀገር፣ ፋናር በሚባል ሰፈር ዳገቱ ላይ ባለው ቤቷ በሠራተኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት እኔንም ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር አጠጥታኛለች፤ እውነቱን ለመናገር ይሻለኝም ነበር። ስለዚህ ያረገዝኩ ጊዜ ስኒውን ስታቀብለኝ እጄን ዘርግቼ መቀበሌ የሚገርም አይደለም።

ማርገዜን እንዳወቅሁ የነገርኩት ለልጁ አባት ብቻ ነው። ደክዋኔ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአሉሚኒየም መስኮት የሚሠራበት ወርክሾፕ ነው የሚሠራው፤ እንደ ብዙዎቻችን የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ሽማግሌዎች መርቀውን ነው አብረን የሆንነው። አብረን ማለት ግን እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማዳሜ ከፈቀደች ማለት ነው። ስነግረው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ደነገጠ ብዬ ስሰጋ እየሳቀ ነበር።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከእኔ በፊት በዚያ ቤት የሠራችው ልጅ አርግዛ ስትገኝ በሳምንቱ አውሮፕላን ላይ መሳፈሯን ያጫወተችኝ ማዳሜ ራሷ ናት። በክፋት አልነበረም ያወራችው፤ ስለ ተበላሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የምታወራ ያህል ነው። ደግሞም ይህ ለእኔ ሁለተኛዬ ነበር። የመጀመሪያው፣ ሌላ ቤት ሳለሁ፣ እርጥብ ምንጣፍ ከበረንዳ ስጎትት ወረደብኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ በማግሥቱ መስኮት ስወለውል ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬ ሄደ፣ ይመጣል ያልኩት ሳይመጣ ቀረ፣ እኔም ተስፋዬን ቆርጬ ነበር። ይህን ልጅ እፈልገው ነበር። ሌላ ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

ሐሳባችን ቀላል ነበር። ሆዴ እስኪገፋ እደብቃለሁ፤ የማዳሜ ልብ የራራበትን ቀን ጠብቄ ወደ ሌላ አሠሪ የሚያሻግረኝን ወረቀት እንድትፈርምልኝ እለምናለሁ፤ ከዚያ ደክዋኔ፣ ከልጄ አባት ጋር። እስከዚያ ድረስ ዝም። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።

የተያዝኩት በሞሎኺያ ነው። ሞሎኺያ የሚሉት የቅጠል ወጥ ሲሠራ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል በዘይት ተጠብሶ ወጡ ላይ ይፈስበታል፤ ያን ሽታ እወደው ነበር። ያን ቀን ግን መጥበሻውን ትቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ስወጣ ማዳሜ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ሆንሽ አለችኝ። ሆዴን ነው፣ ትናንት የበላሁት እርጎ ሳይበላሽ አልቀረም አልኳት። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ብርጭቆ ዕቃውን ታቅፋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትም ከሰዓትም ሆነ። ቅጠሉን ለእኔ አትተወውም፤ ቡና በምታፈላበት እጀታው ረጅም ዕቃ ራሷ ታፈላዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ስኳር ታደርግበታለች። ከዚያ ወንበር ስባ ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። እስክጨርስ አትነሣም። አተላው ሲቀር ስኒውን ዘንበል አድርጋ ታያለች፤ ትንሽ ከቀረ በጣቷ ታሳየኛለች። ልማዷ ነው፤ ልጇንም ባሏንም በሕይወት ሳለ እንዲሁ ነበር የምታደርጋቸው፤ መድኃኒት ሰጥቶ መሄድ መድፋት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ዘመኔን በሙሉ ውሃ አቅርቤላት፣ እሷ ቆማ ስታፈላልኝ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ቤት ለእኔ ተብሎ እሳት ላይ የሚጣድ ሌላ ነገር አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

እሑድ ሲደርስ ደክዋኔ ወረድኩ። እዚያ የተሳፋሪ ቫኖች ከሚቆሙበት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ታላቅ እኅታችን አለች፤ ከሁላችንም በፊት የመጣች፣ ከሁላችንም በላይ የምትቆጣ። እትዬ ነው የምንላት። ከሀገር ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ዕቃውን እሷ ጋ ስለሚያራግፍ ክፍሏ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም፤ ፌጦው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጤና አዳሙ፣ ዳማከሴው፣ ኮሶ ሳይቀር። እርጉዝ ነኝ ስላት መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ቀጥሎ አፍንጫዋን ተናፍጣ ሕግ ታወጣልኝ ጀመር።

“አንቺ ልጅ ስሚኝ። ኮሶ የሚባል ነገር በዓይንሽ እንዳታዪ። ፌጦም እንዳትቀምሺ። ጤና አዳም በቡና የለመድሽው ነው፤ እሱንም ኸላስ፣ ተይው። ዝንጅብል ትንሽ ቢሆን ያቅለሸለሸውን ያስታግሣል ይላሉ፤ እሱንም ሐኪም ጠይቂበት።”

ሐኪም የት አግኝቼ አልኳት። እሷም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለችኝና ተቆጣች። ተረቱ ለእኔ እንደማይሠራ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት፤ እኔ እኮ የደበቅሁት በሽታ አይደለም።

ልወጣ ስል ስለ ሜራሚዬው ጠየቅኋት። ሳቀች።

“እሱማ የዓረብ ሻይ ነው ያኒ። ለሕፃን ይሰጡት የለ እንዴ? ጠጪ፣ ምን ያደርግሻል።”

እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። የራሳችንን ቅጠል እንፈራለን፤ ስሙን፣ ኃይሉን፣ ማን ጠጥቶ ምን እንዳገኘው እናውቃለን። የእነሱ ግን ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ በሚያምር ላስቲክ ታሽጎ፣ ከብስኩት አጠገብ ነው የሚደረደረው። ማን ይፈራዋል? ወደ ፋናር የተመለስኩት ጠንቃቃ ሴት መሆኔን እያደነቅሁ ነው። እትዬ የሰጠችኝን የዝንጅብል ጥቅልል እንኳ ሐኪም ሳልጠይቅ አልነካም ብዬ ልብሴ መሐል አስቀመጥኩት።

ያን ሰሞን የማዳሜ ልጅም እርጉዝ ነበረች። ባለትዳር ናት፣ ከታች ከባሕሩ በኩል ነው የምትኖረው፤ እናቷ ዘንድ የማትመጣበት ቀን ግን አልነበረም። ቤቱ ተገለባበጠ። ክብዬ የሚሉት ጥሬ ሥጋ ከማዕድ ተነሣ፤ ሰላጣው በኮምጣጤ ውሃ ካልተዘፈዘፈ አይበላም ተባለ፤ እንቁላሉ እስኪደርቅ ይቀቀል ተባለ። ይህን ሁሉ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ፤ ለእሷ የተከለከለውን ሁሉ እኔም ተደብቄ እከለከለዋለሁ። የእሷን ጥንቃቄ እየሰረቅሁ ለልጄ አደርገው ነበር። ከሀብታም ቤት ከሚሰረቅ ነገር ሁሉ ይህ የማይጎድል ነው እያልኩ በልቤ እቀልድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሆዴን ቆረጠኝ አለች። ማዳሜ በረንዳ ላይ ስልክ እያወራች ነበር። የቤቱን ሕግ አውቀው የለ? ሆድ ሲቆርጥ ምን እንደሚፈላ ለማንም መጠየቅ አያስፈልገኝም። ቅጠሉን አፈላሁ፣ አጠለልኩ፣ ስኳር አደረግሁበት፣ በሰሃን አድርጌ ወሰድኩላት። ስኒውን አፏ ጋ ስታደርሰው ማዳሜ ከበረንዳ ገባች። ሽታው ነው የነገራት። ስልኩን ሶፋው ላይ ጣለችና ስኒውን ከልጇ እጅ ነጠቀችው፤ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

“ይህ ለእርጉዝ አይሰጥም” አለች። “ደም ያመጣል። ልጅ ያስወርዳል።”

ለልጇ ነው የተናገረችው። እኔ ሰሃኑን ይዤ በመሐላቸው ቆሜያለሁ። ሰሃኑ እንዳይወድቅ ሆዴ ላይ ደገፍኩት። ልጅቱ እናቷን አትጨናነቂ ብላ ሳቀች። ማዳሜ ፊቷን ሳታዞር ለብ ያለ ውሃ በሎሚ አምጪላት አለችኝ። አመጣሁ። ምንጣፉን ጠረግሁ። በዚያ ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ እስከዛሬ ስንት ጠጥቼ ይሆን?

ልጅቱ ከሄደች በኋላ ማዳሜ እንደ ወትሮው የእኔን አፈላች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? አልጠጣም ብል ለምን ትለኛለች። የሰማሁትን ሰምቼ ለምን የሚለውን የምመልስበት አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን የተናገርኩ ቀን ሻንጣዬ በር ላይ ነው። ዝም ብል ደግሞ ስኒው ፊቴ ነው። ለልጄ ብዬ ከተናገርኩ ቤቱንና አባቱን አጣለሁ፤ ለእነሱ ብዬ ዝም ካልኩ ልጄን። ያን ዕለት የምሆነው ጠፍቶኝ ጠጣሁት። ከዚያም ቧንቧ ከፍቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ፣ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ያላደረግሁት ነገር የለም። ተሽሎኛል አልኳት፤ በማግሥቱ የሽንኩርት ሽታ አጋለጠኝ። አፌ ውስጥ ይዤ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ልሄድ ስል ዋጪው አለችኝ። ትኩስ ነው ይብረድልኝ ብዬ ስኒውን ሳቆየው እሷም አብራኝ ቆየች። ማስመለሱም ሆዴን እያኮማተረው ይባስ ፈራሁ። ቤቱ ጠበበኝ። የምተኛው ከወጥ ቤቱ ጎን፣ መስኮት በሌላት ክፍል ነው። ዓመታት ተኝቼባት መስኮት እንደሌላት ልብ ያልኩት ያን ሰሞን ነው። ሥራ ሳለሁ ስልኬ ፍሪጁ ላይ፣ እሷ ዓይን ሥር ነው የሚቀመጠው። ስትወጣ የብረቱን በር በውጭ ትቆልፈዋለች፤ ለራስሽ ደኅንነት ነው ትላለች፣ ታምንበታለችም።

ገላዋን ስትታጠብ ደውዬ ለልጄ አባት ነገርኩት። ጥፊ በቃ አለኝ። አፍ ለማለት አይሰንፍም። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ፓስፖርቴ ቁም ሣጥኗ ውስጥ፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። መጥቼ በሩን እሰብራለሁ ሲል ተቆጣሁት። ወረቀት የሌለው ሰው የሰው በር ሰብሮ የት ሊደርስ ነው? ከዚያ እየተንተባተበ፣ ተይ እባክሽ ንገሪያት፣ ሀገርሽ ቢሰዱሽም ይስደዱሽ፣ ልጁ ይትረፍ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ያለው እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ደም ታየኝ። ብዙ አልነበረም፤ እኔ ግን ያን ቀለም አውቀዋለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ምንጣፍ የጎተትኩበት ቀን ሁሉ ነገሩ ዓይኔ ላይ መጣ። ያኔ ዝም ብዬ ነበር። ተነሣሁ፣ ታጠብኩ፣ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ማዳሜ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። አልተቀመጥኩም።

“እርጉዝ ነኝ” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች።

ስትናገረው ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከሞሎኺያው ቀን ጀምሮ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ወልጃለሁ፣ ሳይ አላውቅም እንዴ አለችኝ። የፊተኛዋን ልጅ ስትሸኝ ብዙ እንዳለቀሰች፣ ቤት ሙሉ ሰው ለምዶ መለየት እንደሚያም ነገረችኝ። እኔን መሸኘት አልፈለገችም። ቅጠሉን ማጠጣቷን እንደ ውለታ ነበር የምታወራው፤ ፊቷ ላይ የማየው ግራ መጋባት ብቻ ነው።

“ደብቀሽ ስትይዥው፣ ያኒ፣ እንዲወርድልሽ የፈለግሽ መሰለኝ” አለች። “አፍረሽ የማትጠይቂኝ መሰለኝ። ሳታፍሪ ላግዝሽ ነው።”

“እፈልገዋለሁ” አልኳት።

“ታዲያ ለምን ጠጣሽው?”

“ስለሰጠሽኝ።”

ተናደድኩ። ስኒውን ግድግዳው ላይ መወርወር አማረኝ። እንዲህ ያለ ንዴት ሲይዘኝ እንባ ይቀድመኛል፤ ያን ቀንም ቀደመኝ። ደም እየታየኝ ነው ስላት ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። አንድ ነገር ብትሆኚ የምጠየቀው እኔ ነኝ እያለች ቁልፏን ትፈልግ ጀመር። ለእኔ ይሁን ለራሷ የፈራችው አላውቅም፤ ያላ፣ ያላ እያለች ደረጃውን ግን ክንዴን ይዛ ነው ያወረደችኝ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ትንሽ ክሊኒክ አለ። የተቀበለችን አዋላጅ በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። አልጋው ላይ አስተኛችኝ፤ ማዳሜ እግሬ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዋላጇ እየጠየቀች ትጽፍ ጀመር፤ እርግዝናው ስንት ወሩ ነው፣ ደሙ መቼ ጀመረ፣ ቁርጠት አለው ወይ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ምን ወስደሻል አለችኝ። ክኒንም ቢሆን ቅጠልም ቢሆን።

ማዳሜ ቀደመችኝ።

“እነዚህ ከሀገራቸው የሚያመጡት ቅጠል አለ” አለች። “ሳላውቅ ስትጠጣ ከርማ ነው።”

አዋላጇ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች። የሀገራችሁን ነገር በእርግዝና ጊዜ ተጠንቀቁ ብላ ተቆጣችኝና ልትጽፈው ጎንበስ አለች። ፌጦውን፣ ጤና አዳሙን፣ ኮሶውን አሰብኩ፤ አንዱንም በአፌ አላዞርኩም። ማዳሜ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ታያለች። ገባኝ። ዝም ብል ወደ ቤት አብረን እንመለሳለን፤ ምናልባትም ያን ወረቀት ትፈርምልኛለች፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ውለታ ያስቆጥራል። ነገር ግን ሴትዮዋ እየጻፈች ያለችው እኔ ያልጠጣሁትን ነው። ልጄን የምታክመው ባልጠጣሁት ነገር ተመርታ ነው።

“ሜራሚዬ ነው” አልኳት። “ከማዳም ጓዳ። ጠዋትም ከሰዓትም፣ ከሳምንታት ጀምሮ። የሀገሬን ምንም አልነካሁም።”

የአዋላጇ እጅ ቆመ። ማዳሜን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ የጻፈችውን ሰረዘች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ደሙን ያመጣው እሱ ይሁን ሌላ ነገር በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማትችል፣ ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳልጠጣው። ምግብ ላይ የምትነሰነስ ቅጠልና በየቀኑ ተቀቅላ የምትጠጣ ቅጠል አንድ እንዳልሆኑ፣ ሻይ ስለተባለ መድኃኒት አይደለም እንዳልል። ደሙ ከበዛ ወይም ቁርጠቱ ከጠና ሰዓት ሳልል እንድመጣ። ስለ ዝንጅብሉም ጠየቅኋት፤ በምግብ ልክ ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም፣ ጨምቀሽ በብዛት ግን አይሆንም አለችኝ። ከዚያ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ መሣሪያውን አኖረችበት።

ብዙ ፈለገች። የክፍሉ ማራገቢያ ሲንጫጫ እሰማለሁ፣ የማዳሜን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ ሌላ ምንም የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ መጣ፤ ፈጣን ነበር፣ የሚጣደፍ፣ ከእኔ ልብ ጋር የማይገናኝ። አዋላጇ ይኸው አለች። ማዳሜ ስታለቅስ ሰማኋት፤ በዚያ ሰዓት የእሷን እንባ የምቀበልበት ቦታ አልነበረኝም።

መኪናው ውስጥ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ተቀመጥኩ። ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። በመስታወቱ እያየችኝ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“እንደምትፈልጊው ለምን አልነገርሽኝም?” አለችኝ።

“አልጠየቅሽኝም” አልኳት።

በሩን ከውስጥ ቆለፈችውና ዳገቱን ወጣን።

ሻይ ከዚያ ቀን ወዲህ አላፈላችልኝም፤ ከባድ ዕቃም አላስነሣችኝም። ወረቀቱን ግን አልፈረመችም። ደሙ ቆሞ፣ አዋላጇ መብረር ትችያለሽ ባለችኝ ሰሞን ቲኬቴ ተቆረጠ። አየር ማረፊያ ያደረሰችኝ ራሷ ናት፤ የልጄ አባት መሰናበት እንኳ አልቻለም፣ በር ላይ ፖሊስ አለ። ልጄ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። እሱ እስካሁን ደክዋኔ ነው ያለው፤ መውጣት ቢችል መመለስ አይችልም፣ መምጣት ቢፈልግ የመውጫ ወረቀት የለውም። የሚያውቃት በስልክ ነው። አንዳንዴ ሲከፋው ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ዝም ብትዪ ኖሮ ዛሬ አብረን እንሆን ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ስልኩን አዞርና ፊቷን አሳየዋለሁ።